ብስክሌት ወይስ ገመድ? የአንድ የሌሊት ሠራተኛ የስፖርት ምርጫ

የተራራ ብስክሌት ይሻላል ወይስ በገመድ ዓለት መውጣት? የዚህ ጥያቄ ባለቤት የአክስቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 38 ሲሆን፣ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ጎን በምትገኘው አውሮራ ከተማ ከባለቤቱና ከ11 ዓመት ሴት ልጃቸው ጋር ይኖራል። ሙያው ነርስነት ነው። የሚሠራው በሌሊት ፈረቃ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ከገባ 12 ሰዓት ሙሉ ሳይሠራ አይወጣም። የሥራ ሌሊቶቹ በየጊዜው ስለሚቀያየሩ፣ ወዳጆቹ ቅዳሜ ሲሰባሰቡ እሱ ተኝቷል፤ እሱ ነቅቶ በሚውልበት ቀን ደግሞ ሌላው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። በአውሮራ በሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ውስጥ ኑሮው እንዲህ የሆነ ሰው ጥቂት ስላልሆነ፣ ስሙን ትቼ ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ ፈቃዱን ጠይቄ ሰጥቶኛል።

ነገሩ የተጀመረው በዓመታዊ ምርመራው ዕለት ነው። ሐኪሙ የደም ግፊቱ ከፍ ማለት እንደጀመረ ነግሮት፣ ወደ መድኃኒት ከመሄዳቸው በፊት ጨውና ክብደት እንዲቀንስ፣ በሳምንትም ቢያንስ 150 ደቂቃ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መከረው። የመሮጫ ማሽን ገዝቶ ምድር ቤት ውስጥ አስቀመጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ የልብስ መስቀያ ሆነ። በዚህ መሀል አብሮት የሚሠራ ባልደረባው የዓለት መውጫ ግድግዳ ወዳለበት ጂም ወሰደውና በጣም ወደደው። እኔ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የተራራ ብስክሌት ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ምክር ሲጠይቀኝ ገለልተኛ ዳኛ አልነበርኩም፤ አንባቢ ይህን ከወዲሁ ቢያውቅልኝ ደስ ይለኛል። ሁለቱንም አንድ ላይ እንዳይጀምር ያገደው ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው። ከእንቅልፍ፣ ከቤተሰብና ከቤተ ክርስቲያን የሚተርፈው ሰዓት ለአንድ ስፖርት እንኳ በጭንቅ የሚበቃ ነበር።

ቤተሰቡ ስለ ሁለቱ ምን አለ

ባለቤቱ የመጀመሪያው ምሽት ላይ «ይሄ ስፖርት ነው ወይስ እብደት? እሱ ገደል ላይ ሲንጠለጠል እኔ ልጅ ብቻዬን ላሳድግ ነው?» ብላ ጠየቀችን። ለስፖርትነቱ የሚሰጠው መልስ ቀላል ነበር። የተራራ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን በምትገኘው ማሪን አውራጃ፣ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየጠገኑ ከታማልፓይስ ተራራ ቁልቁል ሲነዱ የጎለበተ ነው፤ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር ሆነ። ዓለት መውጣት ከዚያ ዘግይቶ በቶኪዮው ኦሊምፒክ፣ ማለትም ውድድሩ በተካሄደበት በ2021፣ ተራው ደረሰው። እብደት ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን አጭር መልስ አልነበረንም።

ያልጠበቅነው ድጋፍ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አክስቴ ነገሩን በስልክ ስትሰማ ትቆጣለች ብለን ስንጠብቅ፣ «አባትህ ደብረ ዳሞን በገመድ ወጥቶ አይደለም እንዴ የተሳለመው! ባይሆን ወገብህን ጠበቅ አድርገህ እሰር፤ ብስክሌቱን ግን ተወኝ» አለችው። ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚገባው 15 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ የቆመውን ገደል በተንጠለጠለ ጠፍር ተሳቦ በመውጣት እንደሆነ፣ ሴቶችም ወደዚያ እንደማይወጡ የታወቀ ነው። እሷ ከባሏ የሰማችውን ነው የምትናገረው። በገራልታ ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ምእመንም ጫማውን አውልቆ፣ በዓለቱ ላይ ያሉትን የእጅና የእግር መያዣዎች እየቆነጠጠ ነው የሚያርገው። ስለዚህ ገመድና ገደል በእኛ ቤት ከብስክሌት የበለጠ የተለመደ ነገር ሆኖ ተገኘ። አክስቴ በብስክሌት የጨከነችው ጎረቤቷ በመኪና የተገጨበትን ስለምታስታውስ ነው፤ በተራራው መንገድ ላይ መኪና እንደማይገባ ብናስረዳትም አላመነችንም።

የሐኪሙ ምክር ወደ የትኛው ያደላል

በዚህ ነጥብ ላይ ብስክሌቱ በግልጽ ይበልጣል፤ እኔም የተከራከርኩት በዚሁ ነው። ዳገት ላይ ማርሹን አቅልሎ የሚነዳ ሰው የልብ ምቱ ከፍ ብሎ ለረጅም ጊዜ ሳይወርድ ይቆያል፤ ሐኪሙ የጠየቀውም ይህንን ነው። ዓለት መውጣት የተለየ ሥራ ነው። አንዱን መስመር ለመውጣት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ተወርዶ፣ ባልደረባው ሲወጣ ቢሳሳት እንዳይወድቅ ገመዱን ከታች ይዞለት መቆም ይከተላል። በሚወጣበትም ጊዜ ቢሆን ጡንቻው ሳይንቀሳቀስ ተወጥሮ የሚቆይበት ቅጽበት ይበዛል፤ በተለይ ጣት አጥብቆ ሲይዝና ሰው ሳያውቀው ትንፋሹን ሲያፍን የደም ግፊት ለጊዜው ሽቅብ ይወጣል። ግፊቱ ከፍ ማለት ለጀመረ ሰው ይህ ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ሐኪሙ ሲጠየቅ አልከለከለውም፤ ነገር ግን ትንፋሹን እንዳያፍን፣ ከአቅሙ በላይ የሆነ ከባድ መስመር ላይ እንዳይታገል፣ 150 ደቂቃውንም ለብቻው በሌላ እንቅስቃሴ እንዲያሟላ አሳሰበው።

ሁለተኛው የሰውነት ጥያቄ ጅማት ነው። አዲስ ዓለት ወጪ በጥቂት ሳምንታት ጡንቻው ይጠነክርና ጠንካራ የሆነ ይመስለዋል፤ የጣት ጅማቶች ግን ጭነቱን የሚለምዱት ከጡንቻ ይልቅ እጅግ በዝግታ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚጎዳው በሚፈራው መውደቅ ሳይሆን ትንንሽ መያዣዎችን ያለ ጊዜው በመቆንጠጥ ነው። በሽተኛ አንሥቶ በማዞር ለሚተዳደር ነርስ የጣት ጉዳት የእንጀራ ጉዳይ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሙከራው

ከክርክር ይልቅ መሞከር ይሻላል ተባብለን፣ ለሁለት ወር ሁለቱንም እንዲያያቸው ተስማማን። ለብስክሌቱ የእኔን ትርፍ ብስክሌት አዋስኩት፤ የፊት አሞርዛተር ብቻ ያላት፣ ጎማዋ 29 ኢንች፣ ፍሬኗ ጥሩ የሆነች ናት። ለመለማመጃ የመረጥነው በሌክውድ ከተማ ዳርቻ ያለውን ግሪን ማውንቴን የተባለ ዛፍ አልባ ኮረብታ ነው። መንገዱ ለጀማሪ ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን በደረቀው ጠንካራ መሬት ላይ እንደ ጥራጥሬ የተበተነ ጠጠር ስላለበት ፍሬን አያያዝን ሳይወድ በግድ ያስተምራል። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ መሪው ወደ ግራ ሲታጠፍ ደንግጦ የፊቱን ፍሬን ጨመቀ፤ የፊት ጎማው ሸርተት ብሎ ጎኑን ጠጠር ላይ ጣለው። ክርኑ ተላጠ እንጂ ሌላ አልደረሰበትም። ፍሬን በአንድ ጣት ብቻ እንደሚያዝ፣ ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትን ጨርሶ በመታጠፊያው ውስጥ ፍሬኑን መልቀቅ እንደሚገባ፣ ቁልቁል ሲወረድ ከኮርቻው ተነሥቶ ክብደትን ወደ ኋላ ማድረግ እንደሚያስፈልግ አሳየሁት። በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ መታጠፊያ ተቀምጦ ሳይሆን ቆሞ በሰላም አለፈው።

ጂሙ ውስጥ የሆነው ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ገመድ ለመያዝ ፈተና አለ፤ ፈተናውን ያላለፈ ሰው ሌላውን እንዲይዝ አይፈቀድለትም። ወጪው ገመዱን ከወገብ መታጠቂያው ጋር የሚያስረው በስምንት ቅርጽ ቋጠሮ ነው። መጀመሪያ አንድ ስምንት ይሠራል፤ የገመዱ ጫፍ በመታጠቂያው ሁለት ቀለበቶች ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ ጫፉ በመጣበት መንገድ ስምንቱን ተከትሎ ይመለሳል። በትክክል ከታሰረ አምስት ጥንድ ገመድ ጎን ለጎን ተኝቶ ይታያል። ልጁ ገና የመጀመሪያውን ቀን አብራው ሄዳ ነበርና፣ ጥንዶቹን በአውራ ጣቷ እየነካች «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ አባዬ አሁን ሂድ» ስትለው ሰምቻለሁ። ከዚያም ወጪውና ያዡ እርስ በርስ ይፈታተሻሉ፦ ቋጠሮው፣ መታጠቂያው፣ ገመድ መያዣው መሣሪያ፣ የካራቢነሩ (የብረት ማያያዣ ቀለበቱ) መቆለፊያ። ይህ ሥርዓት ሳይፈጸም ማንም እግሩን ከመሬት አያነሣም። ነርስ ስለሆነ ነው መሰለኝ ይህ የመፈታተሽ ልማድ ከምንም በላይ ማረከው፤ መድኃኒት ሲሰጥ የበሽተኛውን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን ደግሞ ደጋግሞ እንደሚያረጋግጠው ነው ያየው።

አደጋው ያለው የት ነው

ባለቤቱ የፈራችው ገመዱን እንጂ ብስክሌቱን አልነበረም። ልጅ ሆኖ ብስክሌት ያልነዳ ሰው የለምና ብስክሌት ጨዋታ መስሎ ይታያል። እውነታው ግን ተገላቢጦሽ ነው። በጂም ውስጥ በገመድ የሚወጣ ሰው ሲሳሳት የሚይዘው ገመድ አለ፤ የጉዳቱም መጠን ከብዙ የተለመዱ ስፖርቶች ያነሰ ነው። የተራራ ብስክሌት ነጂ ግን ሲሳሳት የሚይዘው መሬት ብቻ ነው። እጁን ዘርግቶ ሲወድቅ የእጅ አንጓው ይሰበራል፤ በትከሻው ሲወድቅ ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ የሚዘልቀው አጥንት ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ የነዳ ሰው መሰበር ባይደርስበት እንኳ ያልተላጠበት ጊዜ የለም።

ይህ የሚሠራው ለጂም ብቻ መሆኑን ግን አበክሬ ነግሬያታለሁ። ከቤት ውጭ፣ እውነተኛ ገደል ላይ፣ ሚዛኑ ይለወጣል፤ ስሕተቱ ጥቂት ቢሆንም ዋጋው ይከብዳል። ከላይ የሚወድቅ ድንጋይ አለ። ቋጠሮ ሳይጨርሱ መውጣት አለ። እጅግ የሚያሳዝነው ደግሞ ሰው ወጥቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ባልደረባው ሲያወርደው ገመዱ ለመስመሩ አጭር ሆኖ ጫፉ ከመያዣው መሣሪያ ውስጥ ሾልኮ ሲያልቅ የሚደርሰው አደጋ ነው። መከላከያው በታችኛው የገመድ ጫፍ ላይ አንድ ቋጠሮ መቋጠር ብቻ ሆኖ ሳለ በየጊዜው ሰው ይጎዳበታል። ባለቤቱ ይህን ከሰማች በኋላ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች፦ ከቤት ውጭ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ የሙያ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ይዞ ይማራል፤ ያለዚያ ከጂሙ አያልፍም። በአሜሪካ እነዚህን ባለሙያዎች የሚያሠለጥንና የሚመሰክርላቸው የአሜሪካ የተራራ መሪዎች ማኅበር አለ፤ ስለዚህ ጥያቄዋ የማይፈጸም አልነበረም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ የሚባል የለም። ለጀማሪ የሚሆን አስተማማኝ አዲስ የተራራ ብስክሌት ከ1,000 ዶላር በላይ ያስወጣል፤ ሁለት አሞርዛተር ያለው ደግሞ እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሰንሰለት፣ ጎማና የፍሬን ሸራ ይቀየራል እንጂ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ጂሙ በወር ወደ 100 ዶላር ይጠጋል፤ ጫማና መታጠቂያ ይጨመርበታል። በሁለት ዓመት ሲታሰብ ልዩነቱ የሚያጣላ አይደለም።

ነፃነቱ ለምን አልጠቀመውም

እኔ ለብስክሌት ከተከራከርኩባቸው ነጥቦች ዋነኛው ይህ ነበር፦ ብስክሌት ማንንም አያስጠብቅም። ፈረቃው እንዲህ የተዘበራረቀ ሰው ገመድ የሚይዝለት ሌላ ሰው ከየት ያመጣል? ብስክሌቱን ግን በፈለገበት ሰዓት ከጋራዥ አውጥቶ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ይህ ክርክር መልስ የለውም። በተግባር ግን ብስክሌቷ በሁለቱ ወራት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜዋን ጋራዡ ውስጥ ተደግፋ አሳለፈች።

ምክንያቱን አብረን መረመርነው። አንደኛው ሰማይ ነው። በኮሎራዶ በሐምሌና በነሐሴ ጠዋቱ ብራ ይሆንና ከእኩለ ቀን በኋላ ደመናው በተራሮቹ ላይ ተከምሮ መብረቅ ይጀምራል። የአገሩ ሰው ይህን ስለሚያውቅ በማለዳ ነድቶ ከሰዓት በፊት ይወርዳል። የአክስቴ ልጅ ግን በማለዳ ከሥራ የሚወጣና ዐይኑን መግለጥ የሚያቅተው ሰው ነው፤ ተኝቶ የሚነቃው በትክክል መብረቁ በሚጀምርበት ሰዓት ነው። ዛፍ በሌለው ጀርባ ላይ በብስክሌት መገኘት በዚያ ሰዓት የማይሞከር ነው። ከፈረቃ እንደወጣ ልንዳ ቢል ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ የቆመ ሰው ቁልቁለት ላይ የሚያሳየው ምላሽ የዘገየ ነው፤ ይህን ራሱ ያውቃልና አልሞከረውም። በጸደይ ወራት ደግሞ በረዶው ቀልጦ መንገዶቹ ጭቃ ይሆናሉ፤ በጭቃ ላይ መንዳት መንገዱን ስለሚያርሰው ነጂዎች እስኪደርቅ እንዲታገሡ ይጠየቃሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ከሰማይ ይልቅ የሰው ነው። «በፈለግሁት ሰዓት» የሚባለው ጊዜ ለሌሊት ሠራተኛ የሚመጣ ጊዜ አይደለም። ልጅ ከትምህርት ቤት ትመጣለች፤ የሚከፈል ሂሳብ አለ፤ ለቅሶ አለ፤ ክርስትና አለ። ብስክሌቷ ስለማትደውል ሁልጊዜ ለነገ ትተላለፋለች። ባልደረባው ግን ይደውላል። ሁለቱም በአንድ ክፍል የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠሩ፣ የወሩ ፕሮግራም ሲወጣ አንድ ላይ ተቀምጠው ሁለቱም ሥራ የሌላቸውን ቀናት ያሰምሩበታል፤ በእነዚያ ቀናት አንዱ ቢቀር ሌላው መውጣት አይችልም። ደክሞኛል ብሎ የሚቀረው ሰው ራሱን ብቻ ሳይሆን ጓደኛውን ጭምር ያስቀራል። እኔ የዓለት መውጣት ጉድለት አድርጌ የቆጠርኩት የሰው ጥገኝነት፣ ለዚህ ሰው ያላመለጠውን ቀጠሮ ሰጠው።

በቀን ለሚሠራ፣ ጠዋቱ የራሱ ለሆነ፣ ወደ ተራራው ጠጋ ብሎ ለሚኖር ሰው ዛሬም ብጠየቅ ብስክሌት እላለሁ። ልብን የሚያሠራበት መንገድ ይበልጣል፤ ከወርሃዊ ክፍያ ያድናል። እሱም «ጋሼ፣ የአንተ ሕይወት ቢኖረኝ እኔም ብስክሌት ነበር የምመርጠው» ብሎኛል። የመረጠው ግን የራሱን ሕይወት ይዞ ነው።

ከምርጫው በኋላ

ብስክሌቷን መልሶልኝ የጂሙ አባል ሆነ። የሐኪሙን 150 ደቂቃ ለማሟላት ወደ ጂሙ ከመግባቱ በፊት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ያደርጋል፤ ሆስፒታሉ ውስጥም አሳንሰር ትቶ በደረጃ ይመላለሳል። መስመር ላይ ሲታገል ባልደረባው ከታች «ተንፍስ!» ይለዋል፤ ከሐኪሙ ምክር የወጣች ትእዛዝ ናት። ከሌሊት ፈረቃ በኋላ በዚያው ቀን ማንም የማንንም ገመድ አይይዝም የሚል ደንብም ለራሳቸው አውጥተዋል። ይህ ደንብ ከመሣሪያው ሁሉ የበለጠ የሚያስፈልጋቸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ገመድ የሚይዝ ሰው ሥራው ነቅቶ መመልከት ነውና።

ከአስጎብኚው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ውጭ የወጡት ከጎልደን ከተማ በላይ ባለው ኖርዝ ቴብል ማውንቴን ላይ ነው። ገደሉ ከ60 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ የቀዘቀዘበት ጥቁር ባዛልት ሲሆን፣ ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ፀሐይ ይመታዋል፤ ስለዚህ በአሜሪካው ክረምት፣ በብርዱ ወራትም ጭምር፣ በረዶ ባልዘነበባቸው ቀናት ይወጣበታል። ለሌሊት ሠራተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በክረምት ከእኩለ ቀን በኋላ ያለው ሰዓት እዚያ ከሁሉ የተሻለው ሰዓት ነው፤ መብረቅም የለም። በበጋ ግን ዓለቱ ይግላል፤ በሞቃት ወራትም ከገደሉ ሥር መርዘኛ እባብ ስለሚኖር የሚረግጡትን ማየት ያስፈልጋል። መውጫው ከመኪና ማቆሚያው የሚጀምር ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ፣ ገመድና መሣሪያ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ሐኪሙ የጠየቀውን የልብ ሥራ ከፊሉን በነፃ ያሠራዋል። አስጎብኚው በዕለቱ ብዙውን ጊዜ ያጠፋው በመውጣት ሳይሆን በመውረድ ላይ ነው፦ ከላይ ባለው ማሰሪያ ላይ ገመዱ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ወጪው ከመለቀቁ በፊት ከያዡ ጋር ምን ዓይነት ቃል እንደሚለዋወጥ፣ የታችኛው ጫፍ ቋጠሮ መቼ እንደሚቋጠር።

በቅርብ ጊዜ ምርመራው ግፊቱ ወርዶ ተገኝቷል። ጨውም ክብደትም ስለቀነሰ ምን ያህሉ የስፖርቱ ውጤት እንደሆነ ሐኪሙም መለየት አልቻለም፤ ክትትሉ ግን ይቀጥላል። ልጁ ከእሱ በላይ የሚከብዱ መስመሮችን መውጣት ጀምራለች። አሁን ያለበት ችግር ሌላ ነው፤ ባልደረባው ወደ ቀን ፈረቃ ለመዛወር አመልክቷል፤ ከተፈቀደለት ሁለቱን የሚያገናኛቸው ቀን ይጠፋል። ባለቤቱ ይህን ስትሰማ ጂሙ የሚሰጠውን የገመድ መያዝ ትምህርት ተመዝግባለች፤ ፈተናውንም በሚቀጥለው ሳምንት ትወስዳለች።